የእማዬ የከሰል ጭረቶች

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ይዘን ቆመን ሳለ አንዲት እህት ጠጋ ብላ «ግን ከሚጥል በሽታሽ ድነሻል ወይስ አልዳንሽም?» አለችኝ። «ድኛለሁ» ብል ውሸት ነው። «አልዳንኩም» ብል ደግሞ የተደረገልኝን መካድ ይሆንብኛል። ዝም ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። መልሱ ይኸው፤ ትንሽ ይረዝማል።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። የሚጥል በሽታው የጀመረኝ በ12 ዓመቴ። መጀመሪያ ከሆዴ ቀዝቃዛ ነገር ይነሳና ወደ ጉሮሮዬ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ሲነግረኝ ነው የማውቀው። እኔ የማውቀው ስነቃ ያለውን ነው፤ የክብሪት ሽታ። አንዱ አፍንጫዬ ሥር ክብሪት ጭሯል። ሌላው እጄን ፈልቅቆ ቁልፍ አስጨብጦኛል። አፌ ደም ደም ይላል። (ክብሪቱም ቁልፉም ምንም አይፈይዱም። ሰው ሲወድቅ ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። 5 ደቂቃ ካለፈው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ይህን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይተወኝም።)

በ17 ዓመቴ ቡና እያፈላሁ ወደቅሁ። እማዬ ጓዳ ነበረች። ጀበናው ሲሰበር ሰምታ ስትወጣ ግራ እጄ የከሰሉ ምድጃ ውስጥ ነበር። ሁለቱ ጣቶቼ ዛሬም አይዘረጉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ እሳት ካለ እማዬ በእኔና በእሳቱ መካከል ናት። በርጩማዋን ይዛ ትመጣና እዚያው ትቀመጣለች። ምንም አትናገርም።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ግን በወደቅሁ ቁጥር የጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ ጭረት ትጭራለች። ወሩ ሲያልቅ ከሥሩ ታሰምርበታለች። አንዱ ወር 9፣ ሌላው 11። «ለሐኪሙ ነው» ትላለች።

ሐኪሙ የሰጠኝ ፌኖባርቢታል ነበር። እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለኝም የመውደቁን ነገር ትንሽ አስታግሶልኝ ነበር። ከዚያ አንድ ጸበል ቦታ ሱባኤ ገባን። እዚያ ያገኘነው ሰው «ክኒን ይዘሽማ እምነት የለሽም» አለኝ። እኔም አመንኩትና ክኒኑን ለእማዬ ሰጠኋት። በአራተኛው ቀን አንዱ ሳይለቀኝ ሌላው እየተነሳብኝ ተሸክመው ደሴ ሆስፒታል አደረሱኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ያ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቆም በሽታው እንዲህ ይብሳል። የጎዳኝ ጸበሉ አይደለም፤ ክኒኑን መተዌ ነው። የንስሐ አባቴ ሲሰሙ ተቆጡ። «ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ፤ ሁለቱም የእሱ ናቸው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላዛነፍኩም።

ጎረቤታችን ሼኽዬ ደግሞ በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ መንገድ አያጣም» ይሉኛል። ቤታቸው ዱዓ ሲደረግ የእኔ ስም ሳይነሳ አይቀርም ነበር። ወሎ ነው እንግዲህ፤ እኛ ቤት ስእለት፣ እነሱ ቤት ዱዓ። የእማዬ ስእለት ለግሼን ማርያም ነበር፤ «ልጄን ማሪልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ»።

ከዓመታት በኋላ ዲቪ ደረሰኝና ቨርጂኒያ ገባሁ። እዚያም ካርባማዜፒን፣ ላሞትሪጂን፣ ሌቬቲራሴታም ተሞከሩ። ለአብዛኛው ሰው መድኃኒት ይበቃዋል። ከሦስት ሰው ለአንዱ ግን አይበቃውም፤ እኔ ከዚያ ወገን ሆንኩ። ሐኪሜ «በወር ስንት ጊዜ ይጥልሽ ነበር?» ስትለኝ ደሴ ደወልኩ። እማዬ ስልኩን እንደያዘች ጓዳ ገብታ ጭረቱን ቆጠረችልኝ። ሐኪሟ ጻፈች። ያ የከሰል ግድግዳ የሕክምና መዝገብ ሆነ።

ከዚያ ጭንቅላቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው፣ ካሜራ ደቅነው፣ አልጋ ላይ አንድ ሳምንት አቆዩኝ። በሽታው ከአንጎሌ ከአንድ ቦታ ብቻ ቢነሳ ያንን ቆርጠው ሊያወጡት ይችሉ ነበር። የእኔ ከግራም ከቀኝም ይነሳል። ስለዚህ ሐኪሟ ሌላ ነገር አመጣች። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አንጎል ውስጥ ጠልቀው ይገባሉ፣ ከቆዳ ሥር ከጆሮ ጀርባ በአንገት ይወርዳሉ፣ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይገናኛሉ። ሽቦው የሚደርሰው አንጎል መሃል ታላመስ የሚባል ቦታ ላይ ነው፤ ባትሪው በሽቦው በኩል ወደዚያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል። እኔ የተረዳሁት እንደ ደሴ መናኸሪያ አድርጌ ነው፤ ወደ መቀሌም ሂድ፣ ወደ ሚሌም፣ ወደ አዲስ አበባም፣ መስመሩ በዚያ ያልፋል። መናኸሪያው ላይ ተራ የሚያስከብር ሰው ማቆም በሉት።

«ከዚያ ይተወኛል?» አልኳት። አልሸነገለችኝም። በ2010 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ 110 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። መጀመሪያ ላይ የግማሾቹ ማሽን ተከፈተ፣ የግማሾቹ አልተከፈተም፤ የማን እንደተከፈተ ታማሚዎቹ አያውቁም። በሦስተኛው ወር ላይ በሽታው የሚነሳበት ጊዜ መካከለኛ ቅናሽ የተከፈተላቸው 40 በመቶ ገደማ፣ ያልተከፈተላቸው ደግሞ 14 በመቶ ተኩል ሆነ። ሁለት ዓመት ላይ 56፣ አምስት ዓመት ላይ 69 በመቶ ደረሰ። የአሜሪካ መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል፤ ግን ከመድኃኒት ጋር እንጂ በመድኃኒት ፈንታ አይደለም። «ጨርሶ የሚተዋቸውስ?» አልኩ። «ጥቂቶች» አለች።

ያን ቀን ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። 40 በመቶ? ስለምነው የኖርኩት መቶ በመቶ ነው። እግዚአብሔርን በመቶኛ ልለምነው? ለእማዬ ደውዬ አለቀስኩ። እማዬ በመቶኛ አታስብም። «ከ10 ጭረት ስንቱን ይሰርዝልሻል?» አለች። «አራት።» ዝም አለች። ከዚያ «አራት ቀን እሳት ላይ አትወድቂም ማለት ነዋ። ምን ታስቢያለሽ ታዲያ?» አለችኝ።

ቀዶ ሕክምናው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2011 ነበር። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ስገባ ደሴ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። እማዬ ማንበብ ስለማትችል የጎረቤት ልጅ ጠርታ ውዳሴ ማርያም አስደገመች። ሼኽዬ ከዙህር ሶላት በኋላ ቤታቸው ሳይገቡ ለእኔ ዱዓ አደረጉ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ የማስታውሰው ስነቃ ነው። ጭንቅላቴ ተላጭቶ፣ ከጆሮዬ ጀርባ ይጠዘጥዘኛል። ዓይኔን ሳልገልጥ አሸተትኩ። የክብሪት ሽታ የለም።

ከሳምንታት በኋላ ማሽኑ ተከፈተ። 1 ደቂቃ ይሠራል፣ 5 ደቂቃ ያርፋል፣ ቀንና ሌሊት። ምንም አይሰማኝም። ተአምር የጠበቀ ሰው በዚያ ሰሞን ቢያየኝ ያዝንልኝ ነበር። ከ10 ወደ 8 ነበር የወረደው። እንቅልፌ ተዛባ፣ ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኝ ጀመር። ይህም በጥናቱ የታየ ነገር ነው አሉኝ፤ ጉልበቱን አስተካከሉልኝና ቀለለኝ። ዓመት ሲሞላው 5። ሁለት ዓመት ሲሞላው 3።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልክ ጠፋ። እንቅልፍ አጣሁ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ለዚህ በሽታ እንቅልፍ ማጣት ቤንዚን ነው። መስመሩ ሲመለስ እማዬ ከሰላምታ በፊት «ዕቃውን ወስደውታል፣ ግድግዳው ተርፏል» አለችኝ።

ጥር ላይ ሄድኩ። ኤርፖርት ላይ ማሽን እንዳለብኝ የሚናገረውን ካርድ አሳይቼ በእጅ ተፈተሽኩ። እማዬ ገና እንደተቀመጥኩ ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ ደረቴ ላይ ያለውን እብጠት ዳሰሰች።

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ባትሪ ነው እማዬ። ዓመታት ይቆያል።»

«ታዲያ ከኛ መብራት በስንት ጣዕሙ!» አለች።

ግሼን አብረን ወጣን። አምባሰል ላይ ነፋሱ ጃንጥላውን ሊነጥቀን ነበር። የተቀበሉን ካህን «ልጅቱ ዳነች?» ሲሏት እማዬ ቶሎ አልመለሰችም። «ቀነሰላት አባቴ» አለች። ካህኑም «ተመስገን» ብለው ጃንጥላውን ተቀበሏት።

ዛሬም በወር አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ያ ቀዝቃዛ ነገር ከሆዴ ይነሳል። ብዙውን ጊዜ ጉሮሮዬ ሳይደርስ ይመለሳል። ክኒኔን ጠዋት ማታ እውጣለሁ። መኪና አልነዳም።

ከግሼን በተመለስን ማግስት ደሴ ቤታችን ቡና ተቆላ። እማዬ ከሰሉን አቀጣጠለች። እንደ ልማዷ በርጩማዋን በእኔና በምድጃው መካከል ስታስቀምጥ አየሁ። ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ተነሳች፣ በርጩማዋን አንስታ በሩ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ጀበናውን በእግሯ ጣት ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። በግራ እጄ ጆሮውን ያዝኩና አቦሉን ቀዳሁ።