መተማ ላይ የጎንደር ቤት አይሠራም

ጎንደር ላይ ተቀምጦ ስለ ሙቀት መጻፍ የመተማን ሰው ያስቃል። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍ ብለን ነው የምንኖረው። ሚያዝያ ላይ ቀኑ ቢያቃጥለንም ማታ ጋቢ መፈለጋችን አይቀርም። ከአዘዞ ወጥቶ፣ በአይከል በኩል አድርጎ፣ ቁልቁል ወደ ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ የወረደ ሰው ግን ሌላ አገር ነው የሚገባው። በጋው ደረቅ እሳት ነው። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ወበቅ፤ ላቡ ከቆዳ ላይ አይደርቅም፣ የታጠበ አንሶላ ሁለት ቀን ተሰጥቶም ሲነካ ይረጥባል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የሰነበተ ጫማ ሻጋታ ያበቅላል።

አክስቴ እዚያ ነው የሚኖሩት። ቤታቸው የድሮ ነው። እንጨትና ጭቃ፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ደግሞ ማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ በኖራ የተቀባ። ስምንት ሰዓት ላይ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ቆርቆሮው ይጮኻል። ቋ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቋ። ብረቱ ሲግል እየተለጠጠ ሚስማሩን እየጎተተ ነው። ደመና ሲጋርደው ይሰበሰብና እንደገና ይጮኻል። ከረጢቱ በተቀደደበት በኩል ቀና ብላችሁ ካያችሁ የሚስማር ቀዳዳዎቹ ብርሃን ያስገባሉ፣ ቆርቆሮውን የተሸከመው እንጨት፣ ሞራሌው ላይም ውኃ የወረደበት ጥቁር መስመር አለ። ይቺን መስመር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ዘንድሮ ልጆቻቸው ተሰባስበው "ለእማዬ ቤት ኢንሱሌሽን፣ ሙቀት መከላከያ፣ እናሠራላት" አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ መካሪው በዛ። አንዱ ግድግዳውን ሁሉ ከውስጥ በላስቲክ ሸፍነን ፎም እንለጥፍበት ይላል። ሌላው ጂፕሰም ኮርኒስ ካለ ሌላ ምንም አያስፈልግም ይላል። አጎቴ ደግሞ፣ ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ግንበኛ ናቸው፣ የሁሉንም ሐሳብ ውድቅ አድርገው "ድንጋይ ቤት ሥሩላት! የፋሲልን ግቢ አላያችሁም? ውጪው ሲነድ ውስጡ ብርድ ነው" አሉ።

አክስቴ በስልክ እየሰሙ ነበር። "አያ፣ እዚህ እኮ ማታም አይበርድም። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሌሊት እኔ ላይ ሊተፋው ነው?"

ነገሩ በሙሉ ያለው እዚህች መልስ ውስጥ ነው። ወፍራም ድንጋይ ሙቀትን አያግድም፤ ያዘገየዋል እንጂ። ቀን ይጠጣል፣ ሌሊት ያወጣዋል። ጎንደር ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ግንቡ ያደረበትን ብርድ ይዞ ለቀን ይደርሳል፣ እኛም ገብተን "እሰይ" እንላለን። ሌሊቱ በማይቀዘቅዝበት ወበቃም አገር ግን ድንጋዩ የሚራገፍበት ሰዓት አያገኝም። ስለዚህ ለጎንደር የሚመሰገነው ቤት እዚያ እንቅልፍ ይነሳል። ቆላ ላይ የሚፈለገው ቶሎ የሚቀዘቅዝ ቀላል ቤት፣ ጥሩ ጥላና የሚመላለስ አየር ነው። የመተማ ሰው ራኩባ፣ ማለትም የጥላ ዳስ፣ ሠርቶ፣ አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበሩን ሰቅሎ የሚተኛው ወዶ አይደለም።

እንግዲህ ብሩ የት ይግባ? እኔ የምለው መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ነው። ግድግዳው ይቆይ። በኛ ኬክሮስ ጸሐይ ከዓመት ዓመት አናት አካባቢ ናት፤ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ አጋማሽ ገደማና ነሐሴ ውስጥ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። ነሐሴ ላይ ደመናው ይሸፍናታል፣ ሚያዝያ ላይ ግን የሚከልላት የለም። በዚያ ሰዓት ግድግዳው ጥላ ውስጥ ነው፣ ሁሉንም የሚቀበለው ጣሪያው ነው። የዛገ ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል። ያ ብረት ሙቀቱን በጨረር ወደ ኮርኒሱ ይልካል፣ ኮርኒሱ ደግሞ ወደ እናንተ አናት።

በጣም ርካሹ ሥራ ነጭ ቀለም ነው። ሰው "አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፣ ጸሐይን ይመልሳል" ይላል። ይመልሳል፣ ግን የያዘውን ሙቀት መልቀቅ ላይ ሰነፍ ስለሆነ እሱም ይግላል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ያውቅበታል፤ ጸሐይዋን ይመልሳል፣ የቀረችውንም ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል። ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፍቆ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም (አንቲ ረስት) አስቀድሞ፣ ከዚያ ለጣሪያ የተሠራ ነጭ ቀለም መደረብ ነው። ኖራ ርካሽ ነው ብላችሁ ቆርቆሮ ላይ አትቀቡ። እርጥብ ኖራ ቆርቆሮው የተለበጠበትን ዚንክ ይበላዋል፣ ዝናቡም ያጥበዋል። ኖራ ቦታው ግድግዳ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያ በጥቅል የሚሸጠው ብርማ ፎይል አለ። ይሠራል፣ በሥርዓት ከተነጠፈ። የሚያብረቀርቅ ፎይል የጨረር ሙቀትን 95 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ ይህ የሚሆነው ግን ከፊቱ ክፍት አየር ሲኖር ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ያየሁት ፎይሉ ቆርቆሮው ላይ ተጣብቆ፣ ከሥሩም ጂፕሰሙ ተጠግቶት ነው። እንደዚያ ከሆነ ብረት ከብረት ጋር ተነካክቶ ሙቀቱ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ገንዘቡም ባክኗል። ከሞራሌው ሥር ወጥር አድርጎ ማሰር፣ ከፎይሉ ሥር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢያንስ ክፍተት መተው፣ አብረቅራቂውን ፊት ወደ ታች ማድረግ። ለምን ወደ ታች? ወደ ላይ ከሆነ አቧራ ይቀመጥበታል፣ አቧራ የለበሰ ፎይል ደግሞ ፎይል መሆኑ ቀርቷል። በቆላ አቧራ ይሄ ጊዜም አይፈጅበት።

ከዚያ አየር። በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል የታሰረ አየር መውጫ ይፈልጋል። ክፈፉ ሥር ዙሪያውን ክፍተት፣ በሁለቱም የጣሪያ ጫፎች ከፍ ብሎ መስኮት ነገር፣ ሁሉም ላይ አይጥና ወፍ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት። አናጺ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ነው። ለዚህ ማንም ብር ማውጣት አይወድም፣ ስለማይታይ።

አሁን ወደዚያች ጥቁር መስመር ልመለስ። ኢንሱሌሽን የምንለው ፎም ይሁን የመስታወት ሱፍ፣ ሥራውን የሚሠራው በውስጡ የታሰረው አየር ነው። ውኃ ከረጋ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። የረጠበ ሱፍ ማለት እንግዲህ ገንዘብ ከፍላችሁ ጣሪያ ላይ ያስቀመጣችሁት እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፤ ሙቀቱን አያግድም፣ ሞራሌውን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳው ይደፈን፣ አሸንዳው ይስተካከል፣ ከግድግዳ ሥር የሚቋጠረው የዝናብ ውኃ መሄጃ ይበጅለት።

ላስቲኩን አጥብቄ የተቃወምኩትም ለዚሁ ነው። ትልቁ የአክስቴ ልጅ መኝታ ቤቱ ውስጥ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ማስገባት ይፈልጋል። ይግባ። ግን ሒሳቡን እዩት። ውጪው 32 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ከሆነ፣ ያ አየር 26 ዲግሪ አካባቢ የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ውኃ ይሆናል። ኤሲው ክፍሉን 22 ካደረገው፣ በጭቃው ስንጥቅ ከውጭ የገባው እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ላስቲክ ከጀርባው ሲያገኝ ያልበዋል። ውኃው በላስቲኩና በጭቃው መካከል ይቀራል። ከፊት ግድግዳው ንጹሕ ነው፣ ከኋላ ሻጋታ ነው። በብርዳም አገር ላስቲኩን ከውስጥ የሚያደርጉት እርጥበቱ የሚገፋው ከቤት ወደ ውጭ ስለሆነ ነው። ወበቃም አገር ላይ ኤሲ ሲኖር አቅጣጫው ይገለበጣል። በቪዲዮ የምናየው አብዛኛው ሥራ የብርዳም አገር ሥራ ነውና ዝም ብሎ መቅዳት አይሆንም። 

ኤሲ ትልቅ ሲሆን ይሻላል የሚባለውም ልክ አይደለም። ከክፍሉ በላይ የሆነ ኤሲ አየሩን ቶሎ ያቀዘቅዝና እርጥበቱን ሳይጠርግ ይቆማል፤ ብርድም እርጥብም የሆነ ክፍል ይሰጣችኋል። ልኩን መግዛት፣ ያንን አንድ ክፍል ብቻ በሩንና መስኮቱን በደንብ መዝጋት፣ የቀረው ቤት ግን ክፍት ሆኖ በጣሪያ ፋን ይኑር። አንድ ክፍል ወይ ይዘጋል ወይ ይከፈታል። ግማሽ ክፍት መስኮት ላይ ኤሲ ማስነሳት መብራት ኃይልን መደጎም ነው። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ፣ መጥፋቱ አይቀርም፣ ለአክስቴ የሚደርስላቸው ያ አየር የሚያስገባው ሳሎን ነው።

ስለ ግድግዳ አጭር ልበል። ጭቃውን በስሚንቶ አትለስኑት። ጭቃ እርጥበት ያስገባል ያስወጣል፣ ስሚንቶ ያፍነዋል፤ በስንጥቅ የገባው ውኃ መውጫ ያጣና ልስኑ ቅርፊቱ ይረግፋል። እዚሁ ጎንደር በጣሊያን ጊዜ ግንቦቹን በስሚንቶ ጠግነዋቸው ነበር፣ በኋላ በኖራ እንደገና መሥራት ግድ ሆነ። ጭድ ያለው ምርጊት፣ ላዩ ነጭ ኖራ፣ በቂ ነው። የምዕራቡ ግድግዳ ብቻ ከከሰዓት ጸሐይ የሚከልል ነገር ይፈልጋል፤ ራኩባውን እዚያ ማስጠጋት፣ የኒም ዛፍ መትከል። ኒም እዚያ ቶሎ ያድጋል።

"ሰጋቱራ ነፃ ነው፣ ኮርኒሱ ላይ እንሙላው" ላሉት ደግሞ መልሴ አጭር ነው። እሳት፣ አይጥ፣ ምስጥ። ፎምም ቢሆን ሲቃጠል መርዛም ጭስ ያወጣል። በዚያ ቤት የኤሌክትሪክ ሽቦው ኮርኒሱ ላይ እንደ ሐረግ ተጋድሞ፣ መጋጠሚያው በፕላስተር ተጠቅልሎ ነው ያለው። ሽቦ በኢንሱሌሽን ሲቀበር ሙቀቱን መልቀቅ ስለማይችል ይብስበታል። ኤሌክትሪሺያኑ ይቅደም፣ ሽቦው በቱቦ ይግባ፣ ከዚያ ኮርኒሱ ይዘጋ።

አጎቴ አሁንም ድንጋይ ይላሉ። አክስቴ ግን ቀለሙን፣ ፎይሉንና ወንፊቱን መርጠዋል፤ ኤሲው ልጁ ካለው ይግዛ ብለዋል። ሥራው ከግንቦት ማለቅ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ሰኔ ከገባ በኋላ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ቀለም መቀባት አይታሰብም።