ኮኩኑ ሲበላሽ ወደ ኋላ ነው የማየው

የሐር ትል ማርባት ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ምግብ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግን ማብቂያው ላይ ያለው ሳምንት ነው። ትሎቹ ወፍረው፣ አምሮባቸው ይቆዩና ኮኩን፣ ማለትም ሐር ፈትለው ራሳቸውን የሚሸፍኑበትን ቤት፣ ሲሠሩ አንዱ ስስ፣ አንዱ እድፋም፣ አንዱ ከጎረቤቱ ጋር የተጣበቀ ይሆናል። ጥፋቱ ኮኩኑ ላይ ቢታይም መነሻው ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ነው።

ምግቡን ባጭሩ ልንገራችሁ። ትሉ 4 ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። ከ4ኛው በኋላ ባለው ዕድሜ፣ በሕይወቱ ከሚበላው የሙልበሪ ቅጠል ከ80 በመቶ በላዩን ያጋብሳል። ሲቀረጥፉ ቅጠል ላይ ካፊያ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ቅጠል የሚያልቅብንም ያኔ ነው። በዚህ ሰሞን የተራበ ትል ኮኩኑ ስስ ነው፤ በኋላ የሚካስበት መንገድ የለም።

የደረሰ ትል ያስታውቃል። መብላት ያቆማል፣ ያጥራል፣ ገላው ብርሃን ያሳልፋል፣ ጭንቅላቱን አንስቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሐር ከመፍተሉ በፊት ሆዱን ያጸዳል፤ መጨረሻ ላይ የሚለቀው ፈሳሽ ነው። ከላይ ያለው ሲለቅ እታች ያለው ኮኩን ላይ ያርፋል። ቢጫ እድፍ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። መፍትሔው ትሎቹን አለመደራረብ፣ ከሥር ወረቀት ማንጠፍና ሲረጥብ ቶሎ መቀየር ነው።

ሲጣበቡ ደግሞ ሁለት ትሎች አንድ ኮኩን ውስጥ ይገባሉ። ክራቸው ስለሚጠላለፍ በወጉ አይተረተርም። ካርቶን ቆርጬ ለእያንዳንዱ ትል አንድ አንድ ክፍል ከሠራሁ ወዲህ ይህ ጣጣ ቀንሶልኛል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን እርጥበት ነው። ትሎቹ እንዳይበርዳቸው ብሎ ሣጥኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ደግነት ይመስላል፤ አይደለም። ክሩን የሚያያይዘው ሙጫ ሴሪሲን ይባላል። በታፈነ አየር ቀስ ብሎ ሲደርቅ ንብርብሩን ክፉኛ ያጣብቀዋል። ኮኩኑ ሲያዩት ያምራል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲተረተር ግን ክሩ ብጥስ ብጥስ ይላል። ሙቀቱ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ አየር ቀስ ብሎ ቢዘዋወር ይበቃል።

ደርሶ የማይፈትል ትልም አለ። ገላው አብጦ፣ ቆዳው ሲቀደድ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣው የቫይረስ በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ለይቶ መቅበርና ዕቃውን በደንብ ማጽዳት ነው። ሕመም ሳይታይባቸው ብዙዎቹ አንፈትልም ካሉ ቅጠሉ የፀረ ተባይ ርጭት ነክቶት እንደሆነ አጣራለሁ።

ለመሰብሰብ አልቸኩልም፤ መፍተል ከጀመሩ ሳምንት ያህል እጠብቃለሁ። ከዚያ አንዱን ጆሮዬ ሥር ነቅነቅ አደርገዋለሁ። ጤነኛ ሙሽሬ፣ ማለትም ኮኩኑ ውስጥ ወደ እሳት ራት እየተለወጠ ያለው ትል፣ ደፈን ያለ የኳ ኳ ድምፅ አለው። ድምፅ ከሌለው ሞቶ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥቁር ፈሳሹ ሌሎቹን ሳያበላሽ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። ብዙ መቆየትም አያዋጣም። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን የእሳት ራቷ ኮኩኑን በስታ ትወጣለች። የተበሳውን እንደ ጥጥ አባዝቶ መፍተል ይቻላል እንጂ አንድ ወጥ ረጅም ክር አይወጣውም።