ሞንታርቦው ወደ ለቅሶ ቤት ዞሮ ነበር

ጅማ ውስጥ በአንዲት የወንጌላውያን አጥቢያ የአምልኮ ክፍል አስተባባሪ ሆኜ በደመወዝ ስሠራ፣ የሳምንቱ ሥራዬ የሚያልቀው ቅዳሜ ማታ ነበር። መዘምራኑ ልምምድ ጨርሰው የእሑዱ መዝሙሮች ዝርዝር ቴሌግራም ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንዱን መቀየር ከኪቦርዲስቱ ጋር መጣላት ነው። ስለዚህ አይቀየርም።

አንድ ዓርብ ማታ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ከአዌቱ ድልድይ ወዲህ በስለት ተወግቶ ሞተ። ገና 20 ዓመት አልሞላውም። እናቱ የእኛው ምእመን ናቸው። ቅዳሜ ተቀበረ። እኛም «ጌታ ያጽናቸው» ተባባልንና ልምምዳችንን ቀጠልን፤ ማታ ዝርዝሩን ለጠፍኩ። የምስጋና እሑድ ስለነበር አምስቱም መዝሙሮች የሚያዘልሉ ናቸው።

እሑድ ጠዋት ዘለልን። የልጁ ሞት የተነገረው ማስታወቂያ ላይ ነው፤ ከአንድ ሰርግ ጥሪ በኋላ፣ ከሕንፃው መዋጮ በፊት። ሽማግሌው «እግዚአብሔር ቤተሰቡን ያጽናና፣ አሜን?» አሉ። «አሜን!» አልን። ወደ መዋጮው ታለፈ።

ከፕሮግራሙ በኋላ መዘምራኑን ይዤ ለቅሶ ሄድኩ። እናትየው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ «እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ መዝሙራችሁ እዚህ ድረስ ይሰማል» አሉኝ።

ምስጋና ነው ወቀሳ? ወዲያው አልገባኝም። ከድንኳኑ ወጥቼ አንዲት በርጩማ ላይ ስቀመጥ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሞንታርቦ ታየኝ፤ አፉ በቀጥታ ወደ እኔ ዞሯል። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ጠዋቱን ሙሉ እዚህ ፍራሽ ላይ ሲወርድ ነው የዋለው። ከድንኳኑ ፊት ለፊት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዘፈን የሚያስጮኽ ባለ ሱቅ አለ፤ ሙስሊም ጎረቤታቸው ነው። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ዘፈኑን ዘግቶ፣ ጀበና ይዞ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። እሱ ማንም ሳይነግረው ያወቀውን እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ አላወቅኩም።

በነጋታው ለሽማግሌዎቹ «የሚመጣውን እሑድ እናልቅስ» አልኩ። አንዱ፣ ጋሼ የምላቸው፣ «ቤተ ክርስቲያኑን ሙሾ ቤት ልታደርገው ነው? ሰው እኮ ከሐዘኑ ሊያርፍ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ግማሹ እውነት ነው። ግን ከ150ው መዝሙረ ዳዊት ወደ ሲሶው እሮሮ ነው፤ 13ኛው በሁለት ቁጥር ውስጥ አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ይላል፤ 88ኛው ወደ ምስጋና ሳይመለስ ያልቃል። የእኛን መዝገብ ገልብጬ «እስከ መቼ» የሚል መዝሙር አጣሁ። ኦርቶዶክሶቹ በወርኃ ጽጌ ሰቆቃወ ድንግልን ያዜማሉ፤ የድንግል ስደትና ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት ይለቀሱበታል። እኛ ሙሾ ስንተው ለቅሶውንም አብረን ሳንተወው አልቀረንም።

ከባዱ ነገር ግን ሌላ ነበር። ከተጠረጠሩት ልጆች የአንዱም እናት የእኛው ምእመን ናት፤ ሁልጊዜ ኋላ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። «ስለ ገዳዩ እንጸልይ» ብንል ጉባኤው ሁሉ ዞሮ ያያታል። ዝም ብንል ደግሞ ሟቹን ሁለተኛ ቀበርነው። መፍትሔውን ያመጡት እነዚያው ጋሼ ናቸው፦ «ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። የሟችን ስም እንጥራ፤ የሌላ የማንንም አንጥራ።»

እኔማ እናትየውን መድረክ ላይ ላወጣቸው አስቤ ነበር። ባለቤቴ «ሐዘናቸውን ፕሮግራም ልታደርገው ነው?» ብላ አስቆመችኝ።

እሑድ ከበሮው ዕቃ ቤት ዋለ፤ ሞንታርቦውም ተዘጋ። ጋሼ ገና ከመክፈቻው የልጁን ስም ጠሩ፣ ዕድሜውን ተናገሩ፣ ባጃጅ ነጂ እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ ማቴዎስ 2፥18 ተነበበ፤ ራሔል ስለ ልጆቿ ስታለቅስ «መጽናናትም አልወደደችም» የሚለው። ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ ዝምታ። ኪቦርዲስቱ ዝምታ ስለማይሆንለት እጁን ወደ ቁልፎቹ ሲሰድ ክንዱን ያዝኩት። ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት፣ የሟች ዘመድ ያልሆኑ፣ «ያ ኢልማ ኮ» ብለው ጀመሩ፤ ልጄን ማለታቸው ነው። የማንን ልጅ እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ማንም «ይበቃዎታል» አላላቸውም። ሁለቱ ደቂቃ ወደ ሩብ ሰዓት ሄደ፤ እኔም ሰዓቴን ማየት ተውኩ። ስናበቃ ጉባኤው እንዳለ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደ።

የተጠርጣሪው እናት አልመጣችም። ሁለት ሴቶች ቤቷ ድረስ ሄደዋል፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ሞንታርቦው ወደ ግቢው ዞሯል። ቅዳሜ ማታም ዝርዝሩን ከመለጠፌ በፊት ለሰፈሩ እድር ጸሐፊ እደውላለሁ። መጀመሪያ ግራ ይገባቸው ነበር፤ አሁን ገና «ጤና ይስጥልኝ» ሳልል ይቀድሙኛል፦

«ዛሬ ደህና ነን። ምቱ።»