ፒያኖውን ሳታዩ ፖስተር አትለጥፉ

አዲስ አበባ ላይ ለቫዮሊንና ለፒያኖ የተጻፈ የፈረንሳይ ሙዚቃ በኮንሰርት ለማቅረብ የምታስቡ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሙዚቃ መምረጡ አላስቸገረንም። ደቡሲ ከመሞቱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1917 የጨረሰውን ሶናታ (ባለ ብዙ ክፍል ድርሰት)፣ የሊሊ ቡላንዤን «ኖክተርን»፣ በመጨረሻም ሴዛር ፍራንክ በ1886 ለቫዮሊኒስቱ ለኢዛይ የሠርግ ስጦታ ያደረገለትን ሶናታ ያዝን። ኖታው ተገኘ፣ ልምምዱ ፒያኖ ተጫዋቿ ቤት ሆነ፣ አዳራሹም ተፈቀደልን።

የአዳራሹ ፒያኖ ግን አንገብግቦናል። ስንጠይቅ «ተቃኝቷል» ተባልን። መቼ? «በቅርቡ።» ከፍተን እንየው ስንል ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍል የኃላፊውን ፊርማ ይፈልጋል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ፊርማው ሲገኝ ደግሞ ቃኚው የውጭ ሰው ስለሆኑ ያለ ደብዳቤ ንብረት መንካት አይችሉም ተባለ። ደብዳቤ አጻፍን፤ ማኅተሙ ደብዝዟል ተብሎ ተመለሰ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከቃኚ እጅ እንዲህ የሚጠብቁት ፒያኖ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ነበር የቆመው።

ክዳኑ የተከፈተልን ኮንሰርቱ በሚቀርብበት ዕለት ጠዋት ነው። መሣሪያዎች ሁሉ የሚቃኙበት፣ 440 ሄርዝ መሆን የነበረበት «ላ» የሚባለው ድምፅ ወደ 435 ወርዷል፤ ላይኞቹ ድምፆች ደግሞ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በበጋ አየሩ ሲደርቅ የፒያኖው የውስጥ ሰሌዳ እንጨት ይኮማተራል፣ ክሮቹ ይላላሉ፣ ድምፁ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ መልሶ ይወጣል። እንዲህ ወቅት በተለዋወጠ ቁጥር የሚናወጥ መሣሪያ አንድ ጊዜ ተነክቶ «ተቃኝቷል» አይባልም።

የአዳራሹ ሰዎች «መለኪያው 440 ነው፣ እዚያ ይድረስ» ብለው ድርቅ አሉ። ቃኚው፣ በሥራው ያረጁ ሰው ናቸው፣ የመቃኛውን መፍቻ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አዩኝ። «ልጄ፣ እሱ ዛሬ አይወጣልህም። ብታወጣው ማታ ይመለሳል። አንተ ውረድለት።»

እውነታቸውን ነው። ፒያኖ ውስጥ ከ200 በላይ ክር አለ። አንዱን ወገን ስታጠብቁ ሰሌዳው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምርና ቀድሞ የጠበቀው ይላላል። ስለዚህ ባለበት በ435 እርስ በርሱ አስማሙት፤ እኔም ቫዮሊኔን የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያህል አወረድኩ። ፈረንሳይ ራሷ በ1859 በሕግ ያጸናችው ቅኝት 435 ነበር፤ ፍራንክም ሶናታውን የጻፈው ያ ቅኝት በሚሠራበት ዘመን ነው። «440 ካልሆነ» የሚላችሁ ሰው ካለ ይህን ንገሩት።

ፍራንክ ላይ ቅኝት የሚደበቅበት ቦታ የለም። መጀመሪያ ላይ አራት ባር (የምት ክፍል) ፒያኖው ብቻውን በለሆሳስ ይጫወታል፤ አንድ ክር ቢያፈነግጥ ቫዮሊኑ ሳይገባ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ፒያኖው የጀመረውን ዜማ ቫዮሊኑ አንድ ባር ዘግይቶ ይከተለዋል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ዜማው ይፈርሳል። የዚያን ዕለት ማታ ተስማምተው ወጡ። በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ፤ ከእኛ ይልቅ ምስጋናው የቃኚው ነው።

ለአዳራሽ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍቱና በስልካችሁ መቃኛ «ላ»ውን ለኩ። የቃኚውን ሂሳብ ከፖስተሩ አስቀድሙ። አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ በዕለቱ ጠዋት ሌላ ጊዜ ይቃኝ፤ «የዕለቱ ይበቃል» የሚለውን አትስሙ። ክዳኑ ቫዮሊኑን እንዳይውጠው በግማሽ ይከፈት የሚሉም አሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ ይከፈት ባይ ነኝ፤ የደቡሲ ቀለም በግማሽ ክዳን ይታፈናል። ቫዮሊኑን እንዳይውጥ መጠንቀቅ የፒያኖ ተጫዋቹ እጅ ሥራ ነው። ቫዮሊኑን ማውረድ ግድ ከሆነም ከዋዜማው ጀምሩ፤ የላላ ክር ቀስ እያለ ወደ ላይ ስለሚመለስ በየሥራው መካከል ደግማችሁ መቃኘት ይኖርባችኋል።