የእናት ፈትል አቡጀዴ ሲሆን

ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ከፍቼ 26 ዓመት ፊልም ሳጥብ ኖሬአለሁ። ዲጂታል የገባሁት በ2002 ዓ.ም. ነው። ወድጄ አልነበረም። ደንበኛው ሁሉ "በሲዲ ትሰጣለህ?" ማለት ጀመረ፤ ፊልሙም ከሱቅ እየጠፋ ሄደ። ያገለገለ ኒኮን ዲ90 ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው "ያው ነው ጋሼ፣ ልዩነቱ ፊልም አለመግዛትዎ ብቻ ነው" አለኝ። አመንኩት። ያው አይደለም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሠርግ ያዝኩ። ሙሽሪት ቬሎ አልፈለገችም። የለበሰችው እናቷ በእጃቸው የፈተሉላትን ቀሚስ ነው። ጥጡን ራሳቸው አባዝተው፣ በእንዝርት አቅጥነው፣ ሸማኔው ደጃፍ ተቀምጠው ያሠሩት ነው። ጥለቱ ጠባብ ነው። የቀሚሱ ውበት ያለው ነጩ ላይ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ድሩና ማጉ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ሙሽሮቹን ይዘን ወደ ሐይቅ ወረድን። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ውሃው ደግሞ ከታች ያንጸባርቃል።

ፊልም ያነሳ ሰው የኔን ልማድ ያውቀዋል። ነጋቲቭ ብርሃን ካነሰው ጥላው ባዶ ይቀራል፣ ምንም አይመልሰውም። ሲበዛበት ግን ይወፍራል እንጂ አይሞትም። ጨለማ ክፍል ገብቼ፣ ሌላውን ቦታ በእጄ ከልዬ፣ ለነጩ ብቻ ብርሃን እጨምርለታለሁ። ጠፋ ያልኩት ጥልፍ ወረቀቱ ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ሜትሩ፣ የብርሃን መለኪያው፣ ካለው ላይ አንድ ስቶፕ መጨመር፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ፣ ለኔ እንደ መተንፈስ ነው። ሳላስበው አደርገዋለሁ። ያን ቀንም አደረግኩት።

ረዳቴ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ካሜራውን ከኔ ይልቅ እሱ ነው ያጠናው። ከጀርባዬ ቆሞ ስክሪኑን ያያል። ብርሃን የበዛበት ቦታ እዚያ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ያስጠነቅቃል።

"ጋሼ፣ ቀሚሱ ብልጭ ድርግም እያለ ነው።"

"ይበል።"

ትንሽ ቆይቶ ደገመው። "ጋሼ፣ ሙሉ ቀሚሱ ነው እኮ። ትንሽ ይቀንሱለት።"

ዞር አልኩና "አንተ ሳትወለድ ሙሽራ ሳነሳ ነበር። ዝም ብለህ ሪፍሌክተሩን ያዝ" አልኩት። ሚዜዎቹ ሳቁ። ልጁ ፊቱ ቀላ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው። የሙሽሪት ፊት አምሯል። ቀሚሱ ግን ወረቀት ነው። እጥፋቱ የለም፣ ድሩ የለም። ልጁ ማውሱን ነጩ ላይ እያንሸራተተ ቁጥሩን አሳየኝ፤ 255፣ 255፣ 255። ባዶ ነጭ ማለት ነው። በፊልም ያወቅኩት ነገር እዚህ አይሠራም። ሴንሰሩ፣ በፊልም ፋንታ ብርሃኑን የሚቀበለው፣ እንደ ጣሳ ነው። ሞልቶ ከፈሰሰ የፈሰሰው አይመለስም። ካርድ እንዳይሞላብኝ ብዬ ያነሳሁት ደግሞ ፎቶውን ጨምቆ በሚያስቀምጠው በጄፔግ ነው። ሴንሰሩ ያየውን ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው በሮው ቢሆን ጥቂቱን እናተርፍ ነበር። ልጁ በፎቶሾፕ ሊያጠቁረው ሞከረ። ነጩ አመድ ሆነ እንጂ ፈትሉ አልመጣም።

አልበሙን ሊወስዱ እናትየው መጡ። መነጽራቸውን አውጥተው አጠለቁ። ትልቁን ፎቶ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት፣ ጨርቅ እንደሚዳሰስ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

"ወንድም ዓለም፣ የልጄ ፊት ነው። ቀሚሱ ግን የኔ ፈትል አይደለም። ይሄ አቡጀዴ ነው።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሰበብ ልደረድር ጀመርኩ፤ ፀሐዩ፣ ውሃው፣ አዲሱ ካሜራ። "ይሁን፣ ይሁን" እያሉ አልበሙን በነጠላቸው ጠቀለሉት። ሙሽሪት ከባሏ ጋር አገር ለቃ ሄዳለች። ቀሚሱም አብሯት ሄዷል። መልሼ አላነሳውም።

የቀረችኝ ተስፋ አሮጌዋ የፊልም ካሜራዬ፣ ኒኮን ኤፍኤም2 ነበረች። ያን ቀን ከአንገቴ አላወረድኳትም። ውስጧ ኢልፎርድ 125 ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር፤ ሐይቅ ዳር አራት ጊዜ ተኩሼባታለሁ። እዚያም ያንኑ አንድ ስቶፕ ጨምሬ ነው። ሌሊቱን አጠብኩት። ነጋቲቩ ላይ ቀሚሱ ድፍን ጥቁር ሆኗል። ፎቶ ማጉያው ኢንላርጀር ላይ ጫንኩት። ሌላውን በእጄ ከልዬ፣ ቀሚሱ ላይ ብርሃኑን አቆየሁበት። ወረቀቱን ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል፣ ዴቨሎፐር ውስጥ ነክሬ በቀይ መብራት ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ዓይኗ መጣ። ከዚያ የአንገቷ ጥለት። ቀጥሎ ድሩ እንደ ዝናብ ክር ወረደ። ማጉን አየሁት። እዚያው ጨለማ ውስጥ አለቀስኩ።

ፎቶውን ቤታቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። ሳንቲም አልተቀበልኩም። "እንዲህ ነው እንጂ" አሉና ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ቀለም የለውም፤ እሳቸው ግን ስለ ቀለሙ አልጠየቁኝም።

ከዚያ ወዲህ በዲጂታል ስሠራ ሜትሩን ለነጩ ነው የምለካው። ነጭ የለበሰ ሰው ፀሐይ ላይ ካለ ብርሃን እቀንሳለሁ፤ ጥላው ኋላ ይነሳል። በፊልም ያወቅኩት ግልባጭ ነው። እጄ አሁንም አንዳንዴ ወደ ድሮው ይሄድብኛል።

ልጁን ይቅርታ የጠየቅኩት ሱቅ ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን ነው። የሰደብኩት ግን ሰው ፊት ነበር። "ኧረ ምንም አይደል ጋሼ" አለኝ። ምንም አይደል ማለቱ ግን ከልቡ አልነበረም። ድሮ ሳልጠይቀው ይናገር ነበር። አሁን ስክሪኑን አዙሬ "እንዴት ነው?" ካላልኩት አይናገርም። ስጠይቀውም መጀመሪያ ዙሪያውን ያያል፣ ማን እንደቆመ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ በጆሮዬ፣ "ትንሽ ይቀንሱለት" ይለኛል።