አሮጌ ስካነርና የደንበኛ ስልክ በቨርቹዋል ማሽን፦ ዩኤስቢውን በትክክል ማሳለፍ

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሰበታ ባሉ ኮፒ ቤቶችና የሞባይል ጥገና ሱቆች አንድ ኮምፒውተር የሁሉንም ሥራ ይሸከማል። ዋናው ሲስተም ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ሆኖ የስካነሩ ድራይቨር ለዊንዶውስ 7 ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ ደህና ስካነር ከመጣል በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ በሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ዊንዶውስ 7 መጫን ይሻላል። የሚያስቸግረው ዩኤስቢው ነው።

አንድ የዩኤስቢ ዕቃ በአንድ ጊዜ የሚታዘዘው ለአንድ ሲስተም ብቻ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ ሲወስደው ከዋናው ዊንዶውስ ላይ ይጠፋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ስለዚህ ፍላሽም ሆነ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በዋናው በኩል ኢጀክት ሳይደረግ ማሳለፍ ፋይል ያበላሻል። ፋይል ለማዘዋወር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሼርድ ፎልደር (ሁለቱም ሲስተሞች የሚያዩት ፎልደር) ይበቃል፤ ፍላሹን አታስቸግሩት።

ቅንብሩን ለመቀየር ቨርቹዋል ማሽኑ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ሴቭ ተደርጎ የቆመ ከሆነ ምርጫዎቹ አይነኩም። ሴቲንግስ ውስጥ ዩኤስቢ የሚለው ጋ 1.1፣ 2.0 እና 3.0 ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ፍጥነት ፈልጎ 3.0 ይመርጥና ዕቃው ውስጥ ገብቶ አይታይም፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ 7 ከራሱ ጋር የ3.0 ድራይቨር ይዞ አይመጣም። ለእሱ 2.0 ምረጡ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ላሉት 3.0 ይሠራል። በ2022 ከወጣው 7.0 በፊት ያለ ቨርቹዋልቦክስ ከሆነ 2.0 እና 3.0 የሚገኙት ኤክስቴንሽን ፓክ (ለብቻው የሚጫን የቨርቹዋልቦክስ ተጨማሪ ክፍል) ሲጫን ነው፤ የፓኩ ቁጥርም ከፕሮግራሙ ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት።

ዕቃውን ዲቫይስስ ከሚለው ሜኑ ላይ በእጅ መምረጥ ለስካነር ይበቃል። ለስልክ ግን አይሆንም፤ ፊልተር፣ ማለትም ዕቃው በተሰካ ቁጥር በራሱ ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያሳልፍ ደንብ ያስፈልጋል። ፊልተር ዕቃውን በዋናነት የሚለየው በአምራች ቁጥር፣ በምርት ቁጥርና በሲሪያል ነው። ባዶ የተተወ ቦታ «ማንም ይሁን» ማለት ነው። ስልኩ ተሰክቶ ሳለ ፊልተር ስትጨምሩ ቨርቹዋልቦክስ ሦስቱንም ይሞላቸዋል፤ የሚቀጥለው ደንበኛ ስልክ እምቢ የሚለው ሲሪያሉ ስለሚለይ ነው። ሲሪያሉን አጥፉት።

የምርት ቁጥሩም ቢሆን አይጸናም። የሚዲያቴክ ቺፕ ያለው ስልክ ጠፍቶ ሲሰካ በፕሪሎደር (ስልኩን በሚያስነሳው የመጀመሪያ ፕሮግራም) 2000፣ በቡት ሮም (ቺፑ ውስጥ በተቀረጸው አስጀማሪ) ደግሞ 0003 ሆኖ ይመጣል። የኳልኮም ቺፕ ያለው ስልክ የአደጋ ጊዜ ሞድ 9008 ነው። ፕሪሎደሩ የሚታየው ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ በእጅ አይደረስበትም። ስለዚህ የምርት ቁጥሩንም ባዶ አድርጋችሁ የአምራቹን ብቻ ተዉ። ልብ በሉ፦ ስልኩ በርቶ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የስልኩ ብራንድ ቁጥር ነው፣ በ9008 ግን የኳልኮም ነው። ስለዚህ ሁለት ፊልተር ይጠይቃል። ሦስቱንም ቦታ ባዶ የተወ ፊልተር ግን ፈጽሞ አታስቀምጡ፤ ኪቦርዱንና ማውሱን ሳይቀር ሊወስድባችሁ ይችላል።

እንዲያም ሆኖ ስልኩን ፍላሽ የሚያደርገው (ሶፍትዌሩን እንደገና የሚጭንበት) ፕሮግራም በዋናው ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ከሆነ እዚያው ሥሩ። ስልኩ ሞድ በቀየረ ቁጥር ዕቃው ተለቆ እንደገና ይያዛል፣ በዚያች ክፍተት ሥራው ከተቋረጠ የሚጎዳው የሰው ስልክ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ በዴስክቶፑ ላይ ያለ ዩፒኤስ ስልክ ፍላሽ አይደረግ።

«ዕቃው በሌላ ሥራ ተይዟል» የሚል መልእክት ሲመጣ በዋናው በኩል የያዘውን ፕሮግራም ዝጉ፣ ነቅላችሁ እንደገና ሰኩ። ካልሆነ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ሊነክስ ላይ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ተጠቃሚው «ቪቦክስዩዘርስ» (vboxusers) በሚባለው ግሩፕ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ከጨመራችሁት በኋላ ሎግ አውት ካላደረጋችሁ አይሠራም።

ስካነሩ ገብቶ በመሀል የሚጠፋ ከሆነ ሶፍትዌሩን ከመውቀስ በፊት ኃይሉን ተመልከቱ። የ2.0 ሶኬት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ የ3.0 እስከ 900 ነው። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሀብ ይህንኑ ለተሰካው ሁሉ ያከፋፍላል። በዩኤስቢ ኃይል ብቻ የሚሠራ ስካነር ከኬዙ ጀርባ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ሶኬት በቀጥታና በአጭር ገመድ ይሰካ።

ዌብካም በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይንተባተባል። ቨርቹዋልቦክስ ዲቫይስስ ሥር ዌብካምስ የሚል ለብቻው አለው፤ እሱ ኤክስቴንሽን ፓኩን ይፈልጋል።