ከእማሆይ የደበቅነው

ሐኪሙ ያናገረን ኮሪደር ላይ ነው። ጉበታቸው ላይ ነው፣ ተሰራጭቷል አለ። አጎቴ እሱን ትቶ ወደ እኛ ዞረ። «እማሆይ ጆሮ እንዳይገባ!»

እማሆይ አያቴ ናቸው፣ የዘጌ ሰው። ባሕር ዳር 11 ቀን ተኙ፣ 11ዱንም ቀን ዋሸናቸው። «ጨጓራ ነው» አልን። ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ይዘን «ጨጓራ ነው፣ እሺ?» እያልን እናስገባለን። በሽታውን ያወቀ ሰው ወኔው ይከዳዋል፣ ቶሎ ይሞታል፤ እኛ ቤት ይሄ ሕግ ነው። መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ለራሱ ለሟቹ ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ሞትን የደበቅነው ከመነኩሴ ነው። ቆብ የደፉ ዕለት ለዓለም ሞቱ ተብሎ ጸሎተ ግንዘት የተደገመላቸው ሴት ናቸው። ተዝካራቸውንም በቁማቸው አውጥተዋል። ጠላውን የጠመቅነው እኛው!

በ12ኛው ቀን «ቤቴ ውሰዱኝ» አሉ። ከሆስፒታሉ የሞርፊን ሽሮፕ ሰጡን። አክስቴ ጠርሙሱን አልነካም አለች። ያፈዛቸዋል፣ ኑዛዜ ሳይጨርሱ ያልፋሉ ብላ። የፈቱልን የነፍስ አባታቸው ናቸው። «በስቃይ ላይ ያለ ሰው ምን ብሎ ይናዘዛል? ስጧቸው» አሉ።

በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናቸው። ወደቡ ላይ ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። ያቺው የዕድሩ ቃሬዛ፣ ለሕመምተኛም ለሬሳም የምትሆነው። ሲያነሷቸው «ቀስ በሉ እንጂ፣ ገና አልሞትኩም» አሏቸው። ማንም አልሳቀም።

በሦስተኛው ማታ ብቻችንን ነበርን። ቡና አፍልቼ ነበር፣ ከጓሯቸው የተለቀመ። አንድ ፉት ብለው መለሱልኝ።

«ሳጥኑ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አለ። ናፍታሊኑን አራግፊና አናፍሽልኝ።»

መግነዛቸው መሆኑን አውቃለሁ። «እሺ እማሆይ» አልኩ።

«ይሄ ጨጓራዬ የሚድን አይመስለኝም» አሉ ቀጥለው። ጀበናው ላይ አፈጠጥኩ። ሳያቸው ዓይናቸው ይስቃል።

ለአጎቴ አልነገርኩትም። እሱ እስከመጨረሻው «ለጨጓራ አብሽ ጥሩ ነው» ሲል ነበር።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል አለፉ። አክስቴ ጠበል በጣቷ ከንፈራቸው ላይ ጠብ እያደረገች ነበር። እሪ ልል ስል ክንዴን ያዘችኝ። ነፍስ ስትወጣ ከጮኹባት ትጨነቃለች ትላለች። ዓይናቸውን ከደነች፣ አገጫቸውን በሻሽ አሰረች፣ የእግራቸውን አውራ ጣቶች ገጥማ በክር ቋጠረች። እጇ አይንቀጠቀጥም። ክሩን በጥርሷ ከበጠሰች በኋላ ነው ለቅሶው የተለቀቀው።

መግነዙን ሳወጣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘሁ። ስፈታው ብር ነው። ለካ ለመቃብር ቆፋሪዎቹ ኖሯል ያስቀመጡት። ሦስት መቶ አምስት ብር። መቶዎቹ አሮጌዎቹ ናቸው፣ በ2013 የተቀየሩት። የሚሠራው አምስቷ ብቻ ነበረች።

አጎቴ ብሩን አየ፣ እኔን አየኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?» አለኝ፤ ከዚያ ሳቅ አፈነው። ለቀስተኛው እያየው ነጠላውን አፉ ላይ ጭኖ ሳቀ፣ እንባው እየወረደ።